«አንዲት ጥይት አትተኮስም» ላሉን የመዝጊያው በዓል ሰብሳቢ

ለተከበሩ የዓለም አቀፉ የልዩ ዘመቻ ኃይሎች የክህሎት ውድድር መዝጊያ ሥነ ሥርዓት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእኛ የቆላ ፀሐይ ለእንግዳ ሰው ምሕረት የላትም። በመዝጊያው ቀን፣ ድንኳን ተጥሎልዎት፣ ማራገቢያ ቀርቦልዎት፣ ስለ ሰላም ያን የመሰለ ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ላብዎን ደጋግመው ሲጠርጉ አይቼ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ራስዎን እንዳላመመዎት፣ እንቅልፍዎም እንዳልተዛባ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ በኩል፣ ከእንቅልፉ በስተቀር፣ ሁሉም ደህና ነው።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ፤ በዚያ ሰሞን ብዙ እጅ ጨብጠዋል። ማሙሸት ወንድይፍራው እባላለሁ፤ እዚህ ሸዋ ሮቢት የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቼ በየመንገዱ ጥሩምባ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም እጠራለሁ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ እናገራለሁ። እድራችን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ስለሆነ የሁሉም መርዶ የሚወጣው ከእኔ አፍ ነው። ሥራውን የተረከብኩት ከአባቴ ሲሆን፣ ከአባቴ የተረከብኩት ሌላ ንብረት የለም። ማሙሸት «ሞተ» ካለ ሞቷል። «እስቲ ላጣራ» ያለ ሰው እስከ ዘንድሮ ድረስ አላጋጠመኝም፤ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል እንጂ።

ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ የመከረኝ የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ ትልቅ ሰው ቁጥር የሌለበትን ደብዳቤ አያነብም ይላል። እሺ ብያለሁ። ነገሩ ግን ተራውን ጠብቆ የሚወጣ ዓይነት አይደለምና፣ ከተደነቃቀፍኩ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩. ስለ ሰጡን ቃል

ከየአገሩ የመጡት ተወዳዳሪዎች በወረዳችን በቀወት ሜዳና ገደል ሲሮጡ፣ ገመድ ሲወጡ፣ ኢላማ ሲመቱ ሰነበቱ። ተኩሱ ከኮረብታው ማዶ ስለነበር እኛ ዘንድ የሚደርሰው እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው፤ ችለነው ኖርን። መዝጊያው ግን በከተማችን ሜዳ ላይ ይሆናል ሲባል ሰዉ «አንወጣም» አለ። እንግዳ ጠልተን አይደለም። ጦርነቱ እዚህ የገባ ጊዜ የሆነውን ሆነናል፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ በር የሚዘጋ ብዙ ነው። ይህ ጆሮዎ ደረሰና፣ ክብርዎን ዝቅ አድርገው እድራችን አዳራሽ ድረስ በእግርዎ መጡ። ከእኛው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የቀረበልዎትን ውሃ ጠጡ። ከዚያም ተነሥተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ «ባንድ ይኖራል፣ ሜዳልያ ይኖራል፣ ሰው በጃንጥላ ከሰማይ ይወርዳል፤ አንዲት ጥይት ግን አትተኮስም» አሉን።

እኔ ያኔ ተነሣሁ። ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ከጥግ ተነሥቶ እጁን ያወጣው ሽማግሌ ነኝ። እንዲህ አልኩዎ፦ «ጌታዬ፣ እኛ እንኳ እንችለው ይሆናል። ኸድር የሚባል ጎረቤት አለኝ። ሽንኩርት በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰርግ ያለ እሱ የማይደምቅ ሰው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መኪናው ውስጥ እንዳለ ተኩስ መሐል ገባ፤ አብሮት የነበረው ረዳቱ እዚያው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም፤ ለጁምዓ ሶላት እንኳ አይወጣም። የፓፓያ ችግኝ ያፈላል፣ ሚስቱ ጠይባ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ለዚህ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?»

እርስዎም ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን ያዙ። «አባቴ፣ እኔም ወንድም አለኝ። ይውጣ በሉት። በእኔ ይሁንብዎ» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንዲያውም ከሁሉ የበረታሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ለዚህ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ብዙ ባለሥልጣን የሚዋሸን ሕዝብ ብሎ በጅምላ ነው፤ እርስዎ ግን የአንድን ሰው ስምና በሽታ ጠይቀው፣ ተረድተው፣ አዝነው ነው። እንዲህ ያለ ክብር ለሰፈራችን የመጀመሪያው ነው።

፪. ስለ ኸድር

በማግስቱ ኮሚቴዎ ባጃጅና የድምፅ ማጉያ ሰጠኝ። ከተማውን ዞርኩት። «ማሙሸት ነኝ! የዛሬው መርዶ አይደለም! የፊታችን እሑድ ሜዳው ላይ በዓል ነው፣ ሰው ከሰማይ ይወርዳል፣ ውጡ፣ ተኩስ የለም!» እያልኩ ገባሁ ወጣሁ። ሰዉም ድምፄን ሲሰማ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃል፣ ከዚያ «እንግዲህ ማሙሸት ካለ» ይላል።

ኸድር ቤት ስደርስ ባጃጁን አቁሜ በእግሬ ገባሁ። ችግኞቹን ውሃ እያጠጣ ነበር። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ሰው ከሰማይ ይወርዳል ያልከው እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው። በጃንጥላ።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ማየት እመኝ ነበር» አለና የውሃውን ጣሳ አስቀመጠ። «ማሙሸት፣ ወላሂ በል» አለኝ።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ወላሂ አይወጣኝም። በሚካኤል ልበልህ?»

ሳቀ። ክቡርነትዎ፣ ኸድር ሲስቅ ያየሁት ከስንት ዘመን በኋላ ነበር። ጠይባ ሳቁን ሰምታ ከቤት ሮጣ ወጣች፤ የወጣችውም ደንግጣ ነው፤ ምን እንደሆነ አላወቀችም ነበርና። በሚካኤል ማልኩለት። የማልኩት በሰጡኝ ቃል ላይ ቆሜ ነው፤ ቅዱስ ሚካኤል ግን ይህን አይቀበለኝም፣ የማለው አፍ የእኔ ነው።

እሑድ ዕለት ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ወጣ። ከግቢው በር እስከ ሜዳው ድረስ አንድ እጁን ጠይባ፣ አንድ እጁን እኔ ይዘነው ሄድን። በየደጁ ያለው ሰው «ኸድር! አልሐምዱሊላህ!» «እሰይ የኔ ወንድም!» እያለ ይነሣለታል። ሱቅ ያላት ፀሐይ ዘይት የምትቀዳበትን ትታ ወጥታ አቀፈችው። እሱ ሁሉንም በስማቸው እየጠራ «ሰላም ነው፣ ሰላም ነው» ይላል፤ መዳፉ ግን በእጄ ውስጥ ውሃ ሆኖ ነበር።

በዓሉም ያማረ ነበር፣ መቼም አልክድም። ባንዱ ነፋ። የየአገሩ ቡድን በሰልፍ ገባ። እንግዶቹ ፊታቸው በፀሐያችን ቲማቲም መስሎ፣ ግን ፈገግ ብለው፣ ዋንጫቸውን ተቀበሉ። ጃንጥላ ለባሾቹም ወረዱ። ኸድር ቆሞ፣ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ጠይባ፣ እይ! እይ!» እያለ ነበር። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ ክቡርነትዎ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጉልበትዎን ለመሳም ነበር።

የመድረኩ መሪ ማይክራፎኑን ያዘና «አሁን ደግሞ ያልጠበቃችሁት!» አለ።

ከሜዳው ዳር በሸራ ተሸፍኖ የነበረው ነገር ፈነዳ። ጭስ ሞላ። ከጭሱ ውስጥ ፊታቸውን የሸፈኑ ወታደሮች እየተኮሱ ወጡ፣ ሄሊኮፕተር ከአናታችን ላይ ወረደ፣ ሰው በገመድ ተንሸራተተ። ታጋች የማስለቀቅ ትርኢት ነው አሉ በኋላ። ማን ያውቃል! ሕዝቡ እንዳለ ተነሣ። እናቶች የራሳቸውን ከሰው ልጅ ሳይለዩ አፋፍሰው ሮጡ። በሩ ጠበበ፣ አጥሩ ወደቀ፣ ሰው በሰው ላይ ተረማመደ።

ኸድር አልጮኸም። እጄን ይዞ ነበር፤ ዞር ብሎ አየኝ። ተቆጥቶ ቢሆን በወደድኩ፤ አልነበረም። የሚያውቀውን ሰው ፈልጎ ያጣ ሰው አስተያየት ነው ያየኝ። ከዚያ እጄን ለቀቀና በወደቀው አጥር በኩል ወጣ።

ስለ እንግዶቹ አንድ ነገር ልመስክር። ከተሸላሚዎቹ አንዱ፣ ከየት አገር እንደሆነ አላወቅኩም፣ ዋንጫውን መሬት ወርውሮ ወደ በሩ ሮጠና የወደቀች አሮጊት ተሸክሞ አወጣ። ጓደኞቹም ተከተሉት፣ እየጮኹ፣ ለተኳሾቹ «አቁሙ» በሚል ዓይነት እጃቸውን እያወናጨፉ። ቋንቋችንን የማያውቁ ሰዎች ጩኸታችን ምን እንደሆነ ለዩ። የእኛው የመድረክ መሪ ደግሞ በአማርኛ፣ «አይዟችሁ፣ ትርኢት ነው፣ አጨብጭቡ እንጂ!» ይል ነበር።

ኸድርን ያገኘነው ወደ ሮቢ ወንዝ ሲወርዱ ካለው የበቆሎ ማሳ ውስጥ ነው። የመስኖው ቦይ ውስጥ ተኝቶ፣ ጀለቢያው ጭቃ ሆኖ፣ ፊቱ ብቻ ከውሃው በላይ ነበር። ጠይባ ቦዩ ውስጥ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ራሰ። ልጠጋ ስል እጇን ዘረጋችብኝ።

«ጋሼ ማሙሸት፣ ይመለሱ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቱን ሲያይ ይብስበታል።»

ተመለስኩ።

፫. ስለ ቴሌቪዥኑ

ማታ በዜና ሕዝቡ ሲሮጥ አሳዩትና «የከተማዋ ነዋሪዎች ደስታቸውን ሲገልጹ» አሉ። ለዚህ ምንም የምለው የለኝም። ቁጥሩን ያስቀመጥኩት ጸሐፊያችን እንዳይቆጣኝ ብዬ ነው።

፬. ስለ ምስክር ወረቀቱና ስለ ጥይት ትርጉም

በዚያው ሳምንት ከኮሚቴዎ ሳምራዊት የምትባል ሥርዓት ያላት ልጅ፣ በመስታወት ፍሬም ያለ የምስክር ወረቀት ይዛልኝ መጣች፤ «ሕዝቡን በማስተባበር ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ይላል። ቁጭ በይ አልኳት፣ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ተኩሱ በድንገት የገባ ነገር ነው? ሰው ተሳስቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። እንዲሆን የምለምነው መልስ ይህ ነበር፤ ስሕተት ነው ብትለኝ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ይቅር ብዬ እተኛ ነበር።

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። «አይ ጋሼ» አለችኝ። «ከመጀመሪያውም ፕሮግራሙ ውስጥ ነበረ። ለሰዉ ከተነገረ ወንበሩ ባዶ ይቀራል ተባለ። ‹ጥሩምባ ነፊው ከነገራቸው ይመጣሉ› ያሉት አለቃዬ ናቸው።» ከዚያ አለቀሰች። እኔ ሳልሆን እሷ አለቀሰች፤ ውሃ ሰጥቼ ሸኘኋት።

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ትከሻዬን ሲይዙ፣ ስለ ኸድር ስነግርዎ ዓይንዎ እንባ ሲያቀር፣ ከሸራው ሥር ያለውን ያውቁ ነበር። ይህን ሳስብ እጅግ ይደንቀኛል። እኔ ስንት ዘመን መርዶ ተናግሬ አንድ ቀን እንኳ እንባ በትእዛዝ አልመጣልኝም።

ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ ደግሞ፣ ሳይሰለቹ አስተማሩኝ። «አባቴ፣ ባዶ ተኩስ ነው እኮ። እርሳስ የለውም። ጥይት አትተኮስም አልኩ፣ አልተተኮሰችም። ድምፅ ብቻ ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ቃልዎን አላጠፉም። ይህን ልዩነት ለኸድር የሚያስረዳልኝ ግን አጣሁ። እኔም «ጌታዬ፣ የእኔም ሥራ ድምፅ ብቻ ነው» ልልዎት አስቤ ነበር፤ ስልክዎ ጮኸና እጅዎን ወደ በሩ ዘረጉልኝ። የምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛዎ ላይ ትቼ የወጣሁት ረስቼው አይደለም።

፭. ስለ ጋሼ ደስታ ቀብር

ይህን ነው ለመጻፍ የከበደኝ።

ጋሼ ደስታ የእድራችን የጥንት አባል ነበሩ። ለማንም ቀብር ቀርተው አያውቁም፤ ጉልበታቸው ከደከመ በኋላ እንኳ በበቅሎ ይመጡ ነበር። ከበዓሉ ጥቂት ቀን በኋላ ዐረፉ። ማለዳ ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ፣ ነፋሁ፣ ስማቸውን ጠራሁ።

በር አልተከፈተም። ደግሜ ነፋሁ። አንዳንዱ በአጥር ስንጥቅ አይቶኝ ተመለሰ። ፀሐይ ሱቋን ገርበብ አድርጋ ወጣችና፣ ክፋት በሌለበት፣ በእውነት ለማወቅ በፈለገ ድምፅ፣ «ጋሼ ማሙሸት፣ እውነት ነው ወይስ ትርኢት?» አለችኝ።

«እውነት ነው፣ ፀሐይ። ጋሼ ደስታ ሞተዋል።»

«እስቲ ልጃቸው ጋ ልደውል» አለች።

በየሰፈሩ እንዲሁ ሆነ። ደውለው፣ አጣርተው፣ እርስ በርስ ተጠያይቀው እስኪወጡ ፀሐዩ ወጣ፣ ሬሳው በዚህ ሙቀት የሚቆይ አይደለምና ቤተሰቡ ተነሣ። ያን ሁሉ ሰው የቀበሩት ሰው አስከሬን በእጅ ጣት በሚቆጠር ሰው ትከሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የሚቀያየር ተሸካሚ ስላልነበረ መንገድ ላይ እያሳረፍን ነው የደረስነው። እኔ ጥሩምባዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ከፊት በኩል ተሸክሜ ነበር።

ልጃቸው ፋናዬ ከቀብሩ መልስ አንድ ቃል ብቻ ተናገረችኝ። «አባቴ ሰው ያጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር» አለች። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እድሩም ተሰበሰበ። ሊያባርሩኝ አይደለም፤ ደጎች ናቸው። ግን ከእንግዲህ መርዶ ስናገር ከሟቹ ቤት አንድ ሰው አብሮኝ እየዞረ «እውነት ነው» እንዲል ወሰኑ። ያዘነው ሰው፣ ሬሳው ገና ሳይገነዝ፣ ከእኔ ኋላ እየተከተለ ቃሌን ያጸድቅልኛል ማለት ነው። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ክቡር ሆይ፣

ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታ በደብዳቤ እንዲጽፉልኝም አልፈልግም፤ ደብዳቤ ሰው ያነበንበዋል እንጂ አይሰማውም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በሚመችዎ ማለዳ ይምጡ። ባጃጁ አለ፣ ማጉያውም አለ። እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ከተማውን እንዞራለን፤ እርስዎም በገዛ ድምፅዎ፣ «የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ፣ ማሙሸት አያውቅም ነበር» ይበሉልኝ። መንገዱ አጭር ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ እንጨርሳለን። ያን ዓለም አቀፍ ውድድር በብቃት የመሩ ሰው ይህ አያቅትዎትም ብዬ አምናለሁ፤ ካቃተዎትም፣ ገደል ላይ በገመድ ከመውጣት የሚከብድ ክህሎት እንዳለ ለሚቀጥለው ጊዜ ተወዳዳሪዎች ትምህርት ይሆናል።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ምናልባት ሞት በእኛ አገር ሲያልፉ ቢያገኝዎት፣ ስምዎን በየመንገዱ የምጠራው እኔው ነኝና፣ ሰዉ በሩን ዘግቶ «አለቃው ራሳቸው ይምጡና ይንገሩን» እንዳይለኝ እሰጋለሁ።

ለሰፈራችን ላሳዩት አሳቢነት፣ ለኸድር ስላፈሰሱት እንባ፣ ለእኔም ስለ ዋሉልኝ ውለታ ቃል ያጠረኝ፣

ታዛዥዎ የነበርኩት
ማሙሸት ወንድይፍራው
ሸዋ ሮቢት

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳጥፍ ጠይባ መጣች፤ ደጄ ላይ ቆማ ሳትገባ ነገረችኝ። ዛሬውኑ ኸድርን ይዛው ደብረ ሲና ወንድሟ ዘንድ ወጥተው ሊኖሩ ነው፤ ቤቱን አከራይተውታል። ብርድ የማያውቅ የቆላ ሰው ነው፤ እዚያ ጉም ውስጥ ምን ሊያፈላ እንደሆነ አላውቅም። «እዚህ ማንም ምንም ቢለኝ ከእንግዲህ አላምንም» ብሏታል። ክቡርነትዎ፣ ጦርነቱ እዚህ በገባ ጊዜ ከተማው ሁሉ ሲሸሽ ኸድር አልሸሸም ነበር። የውድድርዎን ውጤት ለበላይ አካል ሲያቀርቡ ይህንንም ይጨምሩልኝ፤ ያን ሁሉ መድፍ ያላስለቀቀውን ሰው እርስዎ በባዶ ተኩስ አስለቅቀዋል።